ጋሽ ሚሊ ክፍል ውስጥ የዋለበት ቀን

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሚሊ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ «በአንድ ሚሊ ሜትር አልታማም» እያለ ሃያ ዓመት ሲምል ኖሮ ምላሱ ያወጣለት ስም ነው። አናጢ ነው። የሠራው በር ሲጢጥ አይልም፣ የሠራው መሳቢያ ግማሽ መንገድ ላይ አይነክስም፣ የሠራው ጠረጴዛ እግሩ ሥር ወረቀት ካልታጠፈልኝ ብሎ አያስቸግርም። ይህን እሱ ራሱ በደንብ ያውቃል፤ ያወቀውን ደብቆ የሚይዝ ሰው ደግሞ አይደለም።

ሱቁ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ በጎማ ጠጋኙና በፎቶ ቤቱ መካከል ናት። ስትገባ በቀኝ በኩል እንጨት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ የታሰረበት የሥራ ጠረጴዛ፣ በግራ የተደረደረ ጣውላ፣ መሃል ላይ የኤሌክትሪክ መጋዙ አለ። ከመጋዙ በላይ ምስማር ላይ አንዲት ቀጭን ዘንግ ተንጠልጥላለች። እሷን ማንም እንዲነካት አይፈቅድም። ከአምስት ዓመት በፊት ትምህርት ቤቱ መቶ ዴስክ ሲያዘው፣ ሴት ልጁን ሣጥን ላይ አስቀምጦ ከወለል እስከ ጉልበቷ፣ ከመቀመጫዋ እስከ ክርኗ ለክቶ በእርሳስ ምልክት ያደረገባት ዘንግ ናት። ያን ጊዜ ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ «ሚጢጢ» ይላታል፣ አሁንም እንደዚያው ይላታል። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ዴስክ ባዘዘ ቁጥር ጋሽ ሚሊ ሜትሩን ከኪሱ አያወጣም። ዘንጓን አውርዶ ሥራውን ይጀምራል።

መጋዙም የራሱ ታሪክ አለው። ጋሽ ሚሊ ሊሰማው የማይፈልገው ነገር ሲመጣ አይቆጣም፣ አይከራከርም፤ ማብሪያውን ይጫናል። «ቶሎ አድርስልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ፣ መጋዙ ይነሣል። ጣሪያው እንደሚያፈስ ጎረቤት ሊያስታውሰው ሲሞክር፣ መጋዙ ይነሣል። ሌላው ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል ዝም ይላል፤ የእሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ግን መንደሩን ሁሉ ያደነቁራል። ፖስታ ቤት የምትሠራው ሚስቱ ይህን ጠባዩን ከለመደች ቆይታለች። አንድ ነገር ጠይቃው «ምን አለሽ?» ሲሏት «መጋዙ መለሰልኝ» ትላለች፣ ያልፋል።

ይህ ሰው የወላጆች ኮሚቴ አባልም ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ተማሪዎች እየሾለኩ መቅረት ሲያበዙ ስብሰባ ተጠራ። አንዱ ይገረፉ አለ፣ አንዱ ይመከሩ አለ፣ ርእሰ መምህርቷ ሰዓቷን ማየት ጀመረች። ጋሽ ሚሊ ተነሣና፣ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ጥፋቱም የልጅ ሳይሆን የወላጅ ነው ብሎ ጀመረ። ልጁ ያለ ፈቃድ በቀረ ቁጥር ወላጁ በልጁ ቦታ ክፍል ገብቶ ይዋል፣ ደብተሩንም በገዛ እጁ ይጻፍ፤ ልጁ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ያመለጠውን ይገልብጥ አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ደንብ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ደንቡን መጀመሪያ የቀመሰው የልብ ወዳጁ ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ልጁ ኳስ ሊያይ ሁለት ቀን ቢቀርበት፣ ሰውየው ሁለት ቀን ሱቁን ዘግቶ የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ ሲስል ዋለ። ሲመለስም በቀጥታ ወደ ጋሽ ሚሊ ሱቅ መጥቶ፣ «ወንድሜ፣ ጉድጓዱን አርቀህ አትቆፍረው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» አለው። ጋሽ ሚሊ ሳቀ። የእኔ ልጅ ሳትነግረኝ ውሃ አትጠጣም አለው።

ይህ ነገር አንድ ሰሞን እውነት ነበር። ልጅቷ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሱቅ መጥታ፣ የሰጋቱራው ጆንያ ላይ ዘፍ ብላ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛው መምህር የሸሚዙን ቁልፍ ሳይቆልፍ ክፍል እንደገባ፣ ሁሉንም ትዘከዝክለት ነበር። ከዓመት ወዲህ ግን ሱቅ መምጣቷን አልተወችም፤ ወሬዋን ነው የተወችው። ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ትሰካለች። እሱም አድጋ ጨዋ ሆነችልኝ እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

በዚያው ዓመት ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ የሦስት ቀን የሙዚቃ ፌስቲቫል ተከፈተ፤ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ። ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ሚሊ ሱቁ ውስጥ የፀጉር አስተካካዩን ወንበር ክንድ በኮላ እያጣበቀ ነበር፤ የወንበሩ ባለቤትም አጠገቡ ቆሞ ሥራውን እያረመ። አንዲት ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ ሴትዮ ጫማቸው አቧራ ለብሶ ገቡ። የድምፅ ማጉያ አጠገብ የዋለ ሰው እንደሚያወራው ጮክ ብለው፣ ያቺን የምትታጠፍ በርጩማ የሚሠራው እሱ እንደሆነ ጠየቁት። እሱ ነው። አሥር ይፈልጋሉ።

«የት አዩዋት?» አለ ጋሽ ሚሊ ደስ ብሎት።

ሴትዮዋ ተረኩለት። ፌስቲቫሉ ላይ የሰው ጀርባ ሲያዩ መዋላቸውን፣ ከጎናቸው አንዲት ልጅ በርጩማዋን ዘርግታ ላይዋ ቆማ ከሁሉም በላይ ሆና ስትዘፍን ማየታቸውን። ከየት ገዛሽው ቢሏት፣ የሚገዛ እንዳልሆነ፣ አባቷ እንደሠራላት፣ አገር ምድሩን ቢያስሱ እንደሱ ያለ አናጢ እንደማያገኙ ነገረቻቸው። የዩኒፎርም ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ነበር። አድራሻውንም ወረቀት ስላልነበራቸው ክንዳቸው ላይ ጽፋላቸዋለች። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ «ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጎማ ጠጋኙን አልፎ» ይላል። ጋሽ ሚሊ ያንን ክብ ክብ ያለ የእጅ ጽሑፍ የትም ቢያየው አይስተውም።

የጋሽ ሚሊ እጅ ሳያስበው ወደ መጋዙ ማብሪያ ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ ግን ቀድሞት መዳፉን ማብሪያው ላይ ጭኖ ቆሟል።

«ይጨርሱ እንጂ» አላቸው ለሴትዮዋ፣ ማር በሚያንጠባጥብ ድምፅ። «መቼ ነበር ያገኟት?»

«ዛሬ፣ ረፋዱ ላይ። ከዚያው መምጣቴ ነው።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው። ሴትዮዋ ትእዛዛቸውን አስመዝግበው ሲወጡ ፀጉር አስተካካዩም ተከትሏቸው ወጣ። ማዶ ካለው መደብር ደርሶ መጣና አንድ እርሳስና አንድ ላጲስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እርሳሱ ተቀርጿል። «ደወሉ ሁለት ሰዓት ላይ ነው» ብሎ ወጣ። ወንበሩን እንኳ ረስቶት ሄደ።

አመሻሽ ላይ ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ ቤት ገባች። ትምህርት እንዴት ነበር ቢላት፣ ደህና ነበር አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ። ያ «ደህና» ከመቅረቷ ይበልጥ ወጋው። ቀጥሎም፣ በርጩማ የሚፈልጉ አንዲት ሴትዮ መጥተው ነበር አላት። ልጅቷ በቆመችበት ደረቀች።

«ስንት አዘዙ?» አለች በመጨረሻ።

«አሥር።»

ሚስቱ ማጀት ውስጥ የያዘችው ሰሃን ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው፤ ሳቋን በፎጣ አፈነችው። ጋሽ ሚሊ ግን አልሳቀም። ለምን ሄድሽ አላት። ልቡ ትልቅ ምክንያት ይመኝ ነበር፤ ጓደኛ አስገድዷት፣ ወይም ውድድር ኖሮባት፣ ይቅር ለማለት የሚያመች አንድ ነገር። እሷ ግን ዘፈን ልትሰማ እንደሄደች፣ በቃ፣ ደስ እንዳላት ነገረችው። መቅረቷ ጥፋት እንደሆነ ታውቃለች፣ ቅጣቱንም አትጠላም።

«ታዲያ ከመሄድሽ በፊት ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«መጋዝህን ጠይቀው» አለችውና ወደ ክፍሏ ገባች።

የዚያን ምሽት ጋሽ ሚሊን ያስጨነቀው የሰው ሳቅ አልነበረም፤ ለሱም ቢሆን ተራው እንደሚደርስ አውቆታል። ያስፈራው፣ ያቺ ሁሉን የምትነግረው ልጅ ከእንግዲህ ምንም ላትነግረው ነው የሚለው ሐሳብ ነበር። ለማታውቃቸው ሴትዮ ክንድ ላይ አድራሻውን የጻፈች ልጅ ለሱ አንድ ቃል ነፈገችው። ይህ የት ላይ እንደተበላሸ ሊገባው አልቻለም።

በማግሥቱ ዓርብ ርእሰ መምህርቷ በር ላይ ጠብቃ፣ ጋሼ እርስዎን እንኳ ብንተውዎት ምንም አይደለም አለችው። ደንብ ደንብ ነው ብሎ አለፋት። አሥረኛ ክፍል፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ። አርባ ተማሪ ብድግ ብሎ ተቀበለውና አርባውም በአንድ ጊዜ ከንፈሩን ነከሰ። ከልጁ ጎን የምትቀመጠው ባለመነጽር ልጅ ጠጋ አለችለት። ጋሽ ሚሊ በገዛ እጁ በሠራው ዴስክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። አዎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ መቶ ዴስክ ሠርቶ አንዱ ላይ አልተቀመጠም ነበር።

ጉልበቱ ከደብተር ማስቀመጫው ሥር ጓ ብሎ ተጋጨ። ወደ ግራ ቢዞር ተጋጨ፤ ወደ ቀኝ ቢዞር ጎረቤቱን ገፋ። መጀመሪያ ትልቅ ሰው ስለሆንኩ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ከዚያ ቀና ብሎ ክፍሉን አየ። አንድም ተማሪ ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም። ሁሉም አንድ እግሩን መተላለፊያው ላይ አውጥቷል፤ ሁሉም ወገቡን ጠምዝዟል፣ ኋላ ያለው ረጅም ልጅ ጭራሽ ዴስኩ ውስጥ ሳይሆን ጎኑ ነው የተቀመጠው። ጋሽ ሚሊ ይህን አቀማመጥ በመስኮት አይቶት ያውቃል። «የዘንድሮ ልጅ መቀመጥ እንኳ አይችልም» ብሎ ኮሚቴው ፊት ንግግር ያደረገበት ነው።

ባለመነጽሯ ልጅ ከዴስኩ ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ አውጥታ ሰጠችው። «ጋሼ፣ ይቺን ጉልበትዎ ላይ ያድርጓት፤ የልጅዎ ናት። ካለሷ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አያልፉም» አለችው በሹክሹክታ። ቀጥላም ሰው አገኘሁ ብላ ብሶቷን ዘረገፈችለት። «ይህን ዴስክ የሠራው ሰውዬ ጉልበት የሌለው ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ክፍሉ በሙሉ ሲረግመው ነው የሚውለው። የእርስዎ ልጅ ብቻ ናት የምትቆጣን። አምስት ዓመት እየዘለልንበት አንድ ምስማር እንኳ አልወለቀም፣ ሥራውን አትንኩ ትለናለች። ዘመድሽ ነው ወይ ስንላት ዝም።»

ጋሽ ሚሊ ጆሮው ድረስ ቀላ። እጁ መጋዝ ፈለገ፤ ክፍል ውስጥ መጋዝ የለም። ስለዚህ ሰማ። እስከ መጨረሻው ሰማ።

የታሪክ መምህሩ ስለ ጥንት መርከቦች እያስረዳ ሳለ ጋሽ ሚሊ አልቻለም። ከኪሱ የማይለየውን ሜትር አወጣና ከወለል እስከ ማስቀመጫው ለካ። አስፈቅዶ ከወለል እስከ ባለመነጽሯ ጉልበት ለካ። ደግሞ ለካ። መምህሩ ንግግሩን አቋርጦ ምን እንደሚሠራ በትሕትና ጠየቀው። ጋሽ ሚሊ ተነሣ፤ ሲነሣም ጉልበቱ አንድ ጊዜ ጓ አለና ክፍሉን አሳቀ።

«ይቅርታ መምህር። ይህን ዴስክ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ።

ባለመነጽሯ ልጅ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ጋሽ ሚሊ ወደ ተማሪዎቹ ዞረና፣ ስሙ ጋሽ ሚሊ እንደሚባል፣ በአንድ ሚሊ ሜትር አልታማም ሲል እንደኖረ፣ አሁን ግን ሲለካው ስልሳ ሚሊ ሜትር መሳሳቱን ነገራቸው። መጀመሪያ የሳቀው ኋላ ያለው ረጅም ልጅ ነው፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ፣ ከዚያ መምህሩ፣ መጨረሻ ላይ ራሱ ጋሽ ሚሊ። በዕረፍቱ ወር ለሁሉም ዴስኮች ከእግራቸው ሥር የእንጨት ጫማ ሠርቶ ከፍ እንደሚያደርጋቸው ቃል ገባ። በእረፍት ሰዓት ርእሰ መምህርቷ መጥታ ያ ደንብ ቢነሣስ ብትለው፣ የለም፣ ወላጅ ሁሉ አንድ አንድ ቀን ይቀመጥበት አላት። ፀጉር አስተካካዩ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ እጁን አውለበለበለት። ጋሽ ሚሊም እርሳሱን አወዛወዘለት።

የመጨረሻው ደወል ሲደወል ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ልጁ የሐሙስን ትምህርት ገልብጣ ጨርሳ መስኮት መስኮቱን ታያለች። የዓርቡን ደብተር ሰጣት። በአናጢ እርሳስ የለመደ እጅ ነውና ፊደሉ የበር ቁጥር ያክላል። ስለ መርከቦቹ ሦስት መስመር ጽፎ፣ የቀረው ገጽ ላይ የዴስክ ሥዕል ከነልኩ አስፍሯል። እሷም አይታው ፈገግ ልትል ስትል ተወችው።

«ስለ ዴስኩ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ነግሬሃለሁ፣ አባዬ። ሦስት ጊዜ። አንዴ 'እግርሽን ሰብስቢ' አልከኝ። ሁለቴ መጋዙ መለሰልኝ።»

«ስለ ፌስቲቫሉስ?»

«'አባዬ፣ የፊታችን ሐሙስ' ብዬ ጀመርኩ። 'ሐሙስ' ስል አስነሣኸው።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች። «መዋሸት ግን አልነበረብኝም። እሱ የኔ ጥፋት ነው።»

ጋሽ ሚሊ መሳቅም ማልቀስም አማረው። ቦርሳዋን ተቀብሎ ተሸከመላት። ቦርሳው ከሚያስበው በላይ ከበደው። ቤት እስኪደርሱ ጉልበቱን እያሻሸ ያነክስ ነበር፤ እሷም ታየዋለች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብላ ጓደኛዬ ጨርቁን ሰጥታህ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። ሰጥታኛለች አላት።

ቅዳሜ ጠዋት አባትና ልጅ ሱቅ ገቡ። የአሥሩን በርጩማ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት የምትፈገፍገው እሷ እንደሆነች ተነግሯታል፤ ደንበኛዋን ያመጣችው እሷ ናት፣ ሥራውም የሷ ነው። እሺ ብላለች። ጋሽ ሚሊ ግን ወረቀቱን አልሰጣትም። ዘንጓን ከምስማሩ አወረደ፣ ያንኑ የዱሮውን ሣጥን ከጥግ ጎትቶ አምጥቶ መሃል ላይ አስቀመጠ።

«ቁጭ በይ» አላት።

ተቀመጠች። ተንበርክኮ ዘንጓን ከጫማዋ አጠገብ አቆማት። የዱሮዋ ምልክት ከጉልበቷ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብላ ቀረች። ጋሽ ሚሊ እዚያው ተንበርክኮ ቆየ። አምስት ዓመት ሙሉ ያቺን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በዓይኑ ፊት ሰቅሎ ይቺኛዋን ሳያያት መክረሙ አሳፈረው፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አለው፣ ምን እንዳስደሰተው ግን አላወቀም። አዲሱን ምልክት አሰመረ። የዱሮዋን አልፋቃትም፤ ለታችኛው ክፍል ዴስክ ትሆናለች አለ።

«አባዬ» አለች ልጅቷ ከሣጥኑ ላይ ሳትነሣ፣ «ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፣ ትምህርትም የለም…»

የጋሽ ሚሊ እጅ ወደ ማብሪያው ሄደ። እሱ አልላካትም፤ ሃያ ዓመት የለመደች እጅ ናት፣ ራሷ ሄደች። አባትም ልጅም እጁን አዩት። ልጅቷ አፏን ዘጋች። ጋሽ ሚሊ እጁን መለሰ፤ ወደ ግድግዳው ሄዶ የመጋዙን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለ፤ ጠቅልሎም ምስማሩ ላይ፣ ዘንጓ ትሰቀልበት በነበረው ቦታ፣ ሰቀለው። ከዚያ መጥቶ የሰጋቱራው ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«ጨርሺ» አላት።

ጨረሰች። ሐሙስ ለት ስላየቻት ከበሮ መቺ ሴት ነገረችው፤ ዱላዋ ቢሰበርም በግማሹ መምታቷን መቀጠሏን። ማታ ዝግጅቱን ስለሚዘጋው ባንድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ከማን ጋር እንደምትመለስ ነገረችው። ከዚያ ከፌስቲቫሉ ወጥታ ስለ ባለመነጽሯ ጓደኛዋ፣ ስላኮረፈቻት ሌላዋ፣ ሒሳብ ስለከበዳት፣ የዓመት ወሬዋን ሁሉ ዘከዘከችለት። ጋሽ ሚሊ ግማሹ አልገባውም። ጎማ ጠጋኙ፣ ይህን ያህል ጊዜ ከዚያ ቤት የመጋዝ ድምፅ ሳይሰማ ቀርቶ ስለማያውቅ፣ ሰውየው ምን ሆነ ብሎ ብቅ ብሎ አየና ተመለሰ።

ስትጨርስ ጋሽ ሚሊ ተነሣ፤ ሱሪው ላይ ያለውን ሰጋቱራ አራገፈ።

«መጀመሪያ አምስቱን በርጩማ ትፈገፍጊያለሽ» አላት። «ከዚያ ስንት ይዘን እንሂድ? አንድ ወይስ ሁለት?»

ልጅቷ ትክ ብላ አየችው። እኔም እመጣለሁ ማለቱ እንደሆነ ሲገባት የብርጭቆ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች።

«አንድ ይበቃል» አለችው። «አንተ ረጅም ነህ።»